«አተረፍኩ» ያለኝ ሁሉ አላተረፈም

አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ፣ ለባለሱቆች ሂሳብ ስሠራ ዓመታት አስቆጥሬአለሁ። ሰሞኑን ደግሞ አንዱ መጣ። ከመርካቶ ቴርሞስ፣ ሰሃንና ድስት እያመጣ የሚቸረችር ልጅ ነው።

«ጋሼ፣ በቀን 12 ሺህ አተርፋለሁ። እጄ ላይ ግን ምንም የለም። ሠራተኛዬ እየሰረቀኝ ይሆን?»

ሌባው እሱ ራሱ ነበር። ደብተሩን ገለጥኩት። 12 ሺው ሽያጩ ነው እንጂ ትርፉ አይደለም! ከዚያ ውስጥ 10,200 ብሩ ዕቃው የተገዛበት ነው። የቀረው 1,800 ጥቅል ትርፍ ይባላል። እሱም ገና ኪስ አይገባም። የቀኑ ኪራይ 600፣ ለረዳቱ 250፣ ለመኪናና ለጫኝ አውራጅ 350 ሲነሳለት የቀረችው 600 ብር ናት። የተጣራ ትርፍ ማለት እሷ ናት፤ ያውም ግብር ሳይነካት። ልጁ ከጠዋት እስከ ማታ ቆሞ ለሚሸጥበት ለራሱ አንድ ብር ደመወዝ አልያዘም።

ኑሮው ግን የ12 ሺህ ኑሮ ነበር። ስልክ ቀየረ። ለአጎቱ ልጅ አበደረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጓደኞቹን ክትፎ ይጋብዛል። ሱቁ ድረስ ሄጄ አየሁት። ከፊት የተደረደሩት የቴርሞስ ካርቶኖች ሙሉ ናቸው። ከኋላ ያሉትን በጣቴ ነካ ሳደርጋቸው ሸርተት አሉ። ባዶ! ሱቁ የሞላ እንዲመስል ደርድሯቸው ነው። ካፒታሉን በክትፎ በልቶታል።

10,200 ብሩ የመደርደሪያው ነው፤ የእናንተ አይደለም። ማታ ብር ስትቆጥሩ መጀመሪያ እሱን ለይታችሁ አስቀምጡ። ይህን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ቀጥሎ ፐርሰንት። በ800 የገዛችሁትን በ1,000 ብትሸጡ 200 አገኛችሁ። ከመግዣው አንጻር 25 በመቶ ነው፤ ከመሸጫው አንጻር 20 በመቶ። ሁለቱም ልክ ናቸው። የትኛውን እንደምታወሩ ካልተነጋገራችሁ ግን ከሸሪካችሁ ጋር መጣላታችሁ አይቀርም። ይባስ ብሎ «20 ጨምሬበታለሁ፤ ለበዓል 20 ብቀንስ በገዛሁበት እወጣለሁ» የሚል አለ። አይወጣም! 800 ላይ 20 በመቶ ሲጨመር 960 ነው። ከ960 ላይ 20 በመቶ ሲቀነስ 768 ይሆናል። በእያንዳንዱ ዕቃ 32 ብር መርቆ ሸጠ ማለት ነው።

ዱቤ ሽያጭ ነው፤ ብር ግን አይደለም። «ዱቤ ነገ» የሚል ወረቀት ለጥፎ ለሰፈሩ ሁሉ በዱቤ የሚሰጥ ባለሱቅ ደብተሩ ላይ ሀብታም ነው። አከፋፋዩ ሲደውልለት ግን ስልኩን ያጠፋል።

ለቫት የተመዘገባችሁ ደግሞ፣ ቫት ያለበት ዋጋ 1,150 ከሆነ ቫቱ 150 ነው። የ1,150ን 15 በመቶ አውጥታችሁ 172.50 ይዛችሁ አትምጡብኝ። ለ1.15 አካፍሉ፣ 1,000 ይመጣላችኋል፤ ልዩነቱ ቫት ነው።

ፕሮፎርማ ዋጋ ማቅረቢያ ነው፤ ደረሰኝ አይደለም።

በሰው ብቻ እንዳልፈርድ፣ እኔንም ሲአይኤፍ ጉድ ሠርቶኛል። ሲአይኤፍ ማለት የዕቃው ዋጋ፣ ኢንሹራንሱና የመርከብ ማጓጓዣው አንድ ላይ የተቆረጠበት የሽያጭ ውል ነው። ጀማሪ ሳለሁ አንድ ደንበኛዬ ከውጭ ዕቃ ሊያስገባ ነበርና «ጠቅላላ ወጪውን አስላልኝ» አለኝ። ውሉ ላይ «ሲአይኤፍ ጂቡቲ» ይላል። ማጓጓዣውም ኢንሹራንሱም ተከፍሏል ብዬ ሂሳቡን ዘጋሁት።

ለካ ሻጩ የሚከፍለው እስከ ጂቡቲ ወደብ ብቻ ነው። የወደቡ ክፍያ፣ እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ ያለው ጭነት፣ ቀረጡ፣ ከሞጆ አዳማ መጋዘን ማስገቢያው፣ ሁሉም የገዢው ዕዳ ነው። ቀረጡ ራሱ የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ ሳይሆን ማጓጓዣውና ኢንሹራንሱ ተደምሮበት ነው። ሌላም አለ። ሲአይኤፍ ስለሚል ዕቃው ጂቡቲ እስኪደርስ ኃላፊነቱ የሻጩ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። አይደለም። ዕቃው መርከብ ላይ ከተጫነ በኋላ ባሕር ላይ ቢበላሽ ከኢንሹራንሱ ጋር የሚሟገተው ገዢው ነው።

ሰውዬው አልተቆጣኝም። ሂሳቡን የሠራሁበትን ወረቀት ገልብጦ ባዶውን ጎን ወደ እኔ ገፋው። «በል፣ የረሳኸውን እዚህ ጋ ጻፍልኝ» አለኝ። ገጹ ሞላ።