ጆሮ እየደከመ ሲሄድ፦ ምን ይደረጋል፣ ለማን ምን ይባላል

በዕድሜ ወይም በጩኸት ብዛት ጆሮ ቀስ በቀስ ሲደክም፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀድመው የሚጠፉት ቀጫጭኖቹ ድምፆች ናቸው፦ ስ፣ ሽ፣ ፍ፣ ት፣ ክ። ወፍራሞቹ ይቆያሉ። «ድምፃችሁ ይሰማኛል፣ የምትሉት ግን አይለይልኝም» የሚባለው ለዚህ ነው። ቤተሰብ ይህን ስለማያውቅ «ሲፈልግ ይሰማል» ይላል፤ ከዚያ መጮህ ይጀምራል። ጩኸት ግን የሚያጎላው ያልጠፋውን ክፍል ነው። የጠፋውን ስ እና ፍ አይመልስም፣ የተናጋሪውን አፍ ያጣምመዋል፣ ሰሚውም የተቆጡት ይመስለዋል።

ሌላዋ ጠላት «እሺ» ናት። አንዴ «አቤት?»፣ ሁለተኛ «አቤት?»፣ በሦስተኛው ያሳፍራልና ምን እንደተባለ ሳይታወቅ «እሺ» ተብሎ ይታለፋል። ከዚያ ቀጠሮ ያልፋል፣ መድኃኒት ያለ ሰዓቱ ይዋጣል። ሰላምታ ያልመለሰ ሰው ደግሞ «ኮርቷል» ይባላል። እሱም በፊናው፣ ሁለት ሰዎች ዝቅ ብለው ሲያወሩ ባየ ቁጥር የሚያሙት ይመስለዋል። መደበቅ ከመናገር የበለጠ ዋጋ ያስከፍላል።

ምን ብለው ይንገሩ

«ጆሮዬ አይሰማም» ብሎ ማቆም ብዙ አይጠቅምም። ሰው ያዝናል፣ ምን ማድረግ እንዳለበት ግን አያውቅም። ሦስት ነገር አያይዘው ይንገሩ፦ የትኛው ጆሮ እንደሚሻል፣ ከመናገሩ በፊት ምን እንዲያደርግ፣ እንዴት እንዲናገር። «በቀኝ በኩል ይሻለኛል። መጀመሪያ ትከሻዬን ነካ አድርጉኝ፤ ፊት ለፊቴ ሆናችሁ ረጋ ብላችሁ ተናገሩ፣ መጮህ አያስፈልግም።» በዕድሜ ለሚበልጥዎ ሰው ደግሞ «ጋሼ፣ ጆሮዬ ከብዶኝ ነው እንጂ ንቄ አይደለም፤ በዚህ በኩል ቢቀመጡልኝ» ቢሉ ነውር የለበትም። እርስዎ ራስዎ መስኮቱን ከጀርባዎ አድርገው ይቀመጡ፤ ብርሃኑ የተናጋሪው ፊት ላይ ይረፍ። አንድ ሜትር ያህል መቀራረብ ድምፅ ከማሳደግ ይሻላል።

ሲያመልጥዎ «አቤት?» ከማለት የሰሙትን ይዘው የጎደለውን ብቻ ይጠይቁ፦ «ማክሰኞ መሆኑ ገብቶኛል፣ ሰዓቱን ነው ያልሰማሁት።» «አቤት?» ሙሉውን ያስደግማል፣ የጠፋው ቃልም እዚያው ቦታ ላይ ተመልሶ ይጠፋል። ሁለቴ ተደግሞ ካልገባ በሌላ ቃል እንዲነግሩዎት ይጠይቁ።

ከንፈር ማየት ይረዳል፣ ግን ልኩን ማወቅ ነው። ብ፣ ም፣ ፕ እና ጵ ከንፈር ላይ አንድ ናቸው፤ «ሰማ» እና «ሰባ» በዓይን አይለዩም። ክ፣ ግ እና ቅ ከአፍ ኋላ ስለሚፈጠሩ ከነጭራሹ አይታዩም። ከሁሉ የሚያሳስተው ጥንድ «ሰባት» እና «ስምንት» ነው፦ ሁለቱም በስ ይጀምራሉ፣ መሃል ላይ ከንፈር ይገጥማል፣ በት ያልቃሉ። ሰዓት፣ ዋጋና ስልክ ቁጥር እንግዲህ በጣት ወይም በጽሑፍ ይረጋገጥ። መልሰው ሲናገሩትም ጣትዎን አብረው ያሳዩ።

ምርመራው

መጀመሪያ ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች ክፍሉ አላቸው። የተጠራቀመ ኩክ ወይም ኢንፌክሽን ከሆነ በቀላሉ ሊታከም የሚችል ነገር ነው። ቅቤም ዘይትም ጆሮ ውስጥ አይጨምሩ፤ ታምቡሩ ቀዳዳ ካለው ጉዳቱ ይብሳል። የክብሪት እንጨትና የጥጥ እንጨት ኩኩን ወደ ውስጥ ይገፉታል እንጂ አያወጡትም።

ከዚያ የመስማት ልኬት ይሠራል። ውጤቱ ኦዲዮግራም የሚባል ሰንጠረዥ ነው፦ ከግራ ወደ ቀኝ ከወፍራም ወደ ቀጭን ድምፅ፣ ብዙውን ጊዜ ከ250 እስከ 8000 ኸርዝ፤ ከላይ ወደ ታች ደግሞ ድምፁ እንዲሰማዎ ስንት ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) እንዳስፈለገ። ቀይ ክብ ቀኝ ጆሮ፣ ሰማያዊ ኤክስ ግራ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት አመዳደብ ከ20 ዴሲቤል በታች ደህና ነው፣ ከ35 እስከ 50 መካከለኛ፣ ከ80 በላይ እጅግ ከባድ። ቅጂውን ሳይቀበሉ አይውጡ፤ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። በየዓመቱ ጎን ለጎን ካልታየ ጆሮው በምን ፍጥነት እየደከመ እንደሆነ ማወቅ አይቻልም። ችግሩ የነርቭ ነው ወይስ የድምፅ ማስተላለፊያው ክፍል፣ ይህንንም ይጠይቁ፤ ሁለተኛው አንዳንዴ በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል። ጄንታማይሲን፣ ስትሬፕቶማይሲን ወይም አሚካሲን ከታዘዘልዎ ጆሮዎ የደከመ መሆኑን አስቀድመው ለሐኪሙ ይናገሩ፤ በራስዎ ፈቃድ ግን አያቋርጡ።

ጆሮ በሰዓታት ውስጥ ወይም በ3 ቀን ድንገት ከጠፋ ግን ነገሩ ሌላ ነው። «ብርድ መትቶኝ ነው» ብሎ መጠበቅ የለም። ያን ዕለት ሐኪም ጋር ይኬዳል፤ ቶሎ የተጀመረ መድኃኒት የመስማት ችሎታን ሊመልስ ይችላል፣ ሳምንታት ካለፉ ዕድሉ ይጠብባል።

መሣሪያው

እየደከመ ለሚሄድ ጆሮ፣ ዛሬውኑ ጉልበቱ ጫፍ የደረሰ የመስሚያ መሣሪያ አይግዙ። ሻጩን «ይህ ስንት ዴሲቤል ድረስ ይሸከማል? ወደፊት በአዲስ ኦዲዮግራም እዚሁ ታስተካክሉልኛላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። ማስተካከያው ውጭ አገር ብቻ ከሆነ፣ ከዘመድ የተላከ ውድ መሣሪያም መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

መጀመሪያ ቀን ለቅሶ ቤት ይዘውት አይሂዱ። ቤት ውስጥ ከአንድ ሰው ጋር፣ በቀን አንድ ሁለት ሰዓት ይጀምሩ፤ በየጥቂት ቀኑ ይጨምሩ። የሲኒ ግጭትና የፌስታል ኮሽታ መጀመሪያ ላይ ያሰቅቃል፤ አንጎል የረሳቸውን ድምፆች እስኪለምድ ሳምንታት ይፈጃል። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው በዚህ ጊዜ ነው።

ባትሪው ጀርባ ላይ ያለው ልጣፊ ሲነሳ አየር ገብቶ ሥራ ይጀምራል። አንስተው ሁለት ደቂቃ ያህል ከጠበቁ በኋላ ይክተቱት። ልጣፊውን መልሶ መለጠፍ ባትሪውን አያቆጥበውም። መጠኑ በቀለም ይለያል፦ 10 ቢጫ፣ 312 ቡናማ፣ 13 ብርቱካናማ፣ 675 ሰማያዊ። ማታ ማታ የባትሪ ቤቱን ከፍተው፣ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ያለበት በሚከደን ዕቃ ውስጥ ያሳድሩት።

መሣሪያው ካፏጨ ምክንያቱ የወጣው ድምፅ ወደ ማይክሮፎኑ መመለሱ ነው። ጆሮ ውስጥ የሚገባው ክፍል በደንብ አልተቀመጠ ይሆናል፣ ኩክ ዘግቶት ይሆናል፣ ወይም ነጠላ አልያም ሻሽ ጆሮዎን ሸፍኖታል። ሻሹን ከጆሮ ኋላ አሳልፎ ማሰር ፉጨቱንም ኮሽታውንም ይቀንሳል። ከጆሮ ኋላ ለሚሆነው ዓይነት ደግሞ ቀጭኗ ቱቦ ስትደርቅና ስትጠነክር ትቀየራለች፣ በየ3 እስከ 6 ወሩ።

ሰው መሃል

ድንኳን ውስጥ ዳር ይያዙ፤ ሸራው ከኋላዎ ከሆነ ጫጫታው ከአንድ ወገን ብቻ ይመጣል። የሚሻለው ጆሮዎ ወደ ሰው፣ የደከመው ወደ ሸራው። ቤተ ክርስቲያንም ሆነ መስጊድ ድምፅ ማጉያው ሥር አይቀመጡ፤ የሰባኪው ፊት የሚታይበት ቦታ ይበልጣል። ለእድሩ ጸሐፊ አጀንዳውን ቀደም ብሎ እንዲሰጥዎ፣ ማስታወቂያውንም በቴሌግራም በድምፅ ሳይሆን በጽሑፍ እንዲልክ ይንገሩት። ክሊኒክ ተራ ሲጠብቁ ካርድዎ ላይ «ስም ሲጠራ አይሰማም፣ በእጅ ይጠሩ» ብለው ያጽፉ፣ ጠሪዋ ፊት ለፊትም ይቀመጡ። ስልክዎ ላይ የጉግልን የድምፅ መጻፊያ በአማርኛ ያብሩና ሰውዬው ወደ ስልኩ ይናገር፤ ስምና ቁጥር ይሳሳታል፣ ለሐሳቡ ግን ይበቃል።

መሥሪያ ቤትስ? አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርግ ያስገድዳል። ጥያቄዎን በጽሑፍ ያቅርቡ፣ ዝርዝር ይሁን፦ ጸጥ ያለ ወንበር፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ በስልክ ፋንታ መልእክት። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ሆስፒታል ስትሄዱ በስልክ የሚያስተረጉም አይበጃችሁም፤ በአካል ወይም በቪዲዮ የሚታይ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። ክፍያ የለውም።

ድካሙና ደጋፊው

ጆሮው የደከመ ሰው ቀኑን ሙሉ የጎደለ ቃል ሲሞላ ይውላል፤ ማታ የሚሰማው ዝለት ስንፍና አይደለም። ከጨዋታ መሃል ተነስቶ ሩብ ሰዓት ጸጥ ያለ ክፍል መቀመጥ ይፈቀዳል፤ ለጋባዡ አስቀድመው ቢነግሩ አይቀየምም። ጆሮ ሌሊት የሚጮህ ከሆነ ፍጹም ጸጥታ ያባብሰዋል፤ ሬዲዮ ዝቅ አድርጎ መክፈት ይሻላል። ጆሮ በመድከሙ የሚመጣው ሐዘን ግን ከሁለት ሳምንት በላይ ምግብና እንቅልፍ ከከለከለ ለሐኪም የሚነገር ሕመም ነው።

ሁሉን ለአንድ ሰው፣ ብዙውን ጊዜ ለሚስት ወይም ለታላቅ ልጅ፣ አይጫኑ። አንዱ ባንክ አብሮ ይሂድ፣ ሌላዋ ስልክ ትደውል፣ ጎረቤት በር ሲንኳኳ ይንገር። ሐኪም ፊት ግን መልሱን ራስዎ ይስጡ፤ ልጅዎ የሚያግዝዎ ያልሰሙትን በመጻፍ ይሁን።

የምልክት ቋንቋ ጆሮ ጨርሶ እስኪጠፋ አይጠበቅም። ጥቂትም ቢሆን በሚሰማበት ጊዜ መማር ይቀላል፣ አስተማሪውንም ቤተሰቡንም መጠየቅ ይቻላላ! የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር የት እንደሚሰጥ ለመጠየቅ ጥሩ መነሻ ነው፤ ቋንቋውን አቀላጥፈው ከሚጠቀሙበት ሰዎች ጋር መተዋወቁ ራሱ ከትምህርቱ አያንስም። የጣት ፊደሉ ለአማርኛ አንባቢ ቶሎ ይገባል፦ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ የእጅ ቅርጽ አለ፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ድምፅ የእጁ እንቅስቃሴ ይለየዋል። ማዕድ ላይ አብረው ይማሩት፣ ልጆች ይቀድሟችኋል። መጀመሪያ ቁጥሮችን፣ ቀጥሎ የቤተሰቡን ስም፣ ከዚያ «ቆይ»፣ «ድገምልኝ» እና «ገባኝ» የሚሉትን።