ጎመን ላይ ተከራክሮ ጤፍን በጭፍን መግዛት፦ አስቤዛ ላይ በየጊዜው የማያቸው ስህተቶች

አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ቤት የአስቤዛ ገንዘብ የሚያልቀው በጤፍ፣ በዘይት፣ በሽንኩርት፣ በበርበሬና በሽሮ፣ በቅቤ ነው። ሌላው እነዚህን ተከትሎ የሚመጣ ነው። ሰው ግን ሐሳቡንም ጉልበቱንም የሚጨርሰው በሌላው ላይ ነው። የጎረቤት ልጆች ጎጆ ሲወጡ፣ ዘመድ ክርስትና ወይም ሰርግ ሲደግስ አብሬ ገበያ የምወጣው እኔ ነኝ፤ ያው ስህተት ከቤት ቤት ሲደጋገም ማየት ደግሞ ሰልችቶኛል። ዋጋ እዚህ አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት ሳምንት ሳይሞላው ያረጃል።

ጉሊት ላይ መከራከር፣ እህል ቤት ውስጥ ዝም ማለት

ሸራ አንጥፋ ጎመንና ቃሪያ ከምትሸጥ ሴት ላይ 5 ብር ለማስቀነስ ቆሞ የሚሟገት ሰው፣ እህል ቤት ሲገባ ነጋዴው የጠራለትን ከፍሎ ይወጣል። ጎመን ያውቃል፤ ጤፍ አያውቅም፤ አለማወቁ እንዳይታይበትም ያፍራል። ያቺ ሴት ሳይነጋ አትክልት ተራ ወርዳ፣ የመጫኛ ከፍላ ያመጣችው ነው፤ የሚተርፋትም ምናልባት ያው 5 ብር ነው። ከአንድ ኩንታል ጤፍ ውስጥ 5 ኪሎ ገለባና አፈር ቢወጣ ግን ዓመቱን ሙሉ በጎመን ያስቀነሳችሁትን ይበላዋል። ክርክሩን ወደ እህል ቤት ውሰዱት።

ጤፍን ሲያልቅ መግዛት

የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። ጤፍ የሚታጨደውና የሚወቃው ከኅዳር እስከ ጥር ነው። አዲሱ እህል ከአደአ፣ ከምንጃር፣ ከጎጃም ወደ ከተማ ሲገባ፣ ገበሬውም ዕዳውን ለመክፈልና ልብስ ለመግዛት ሲሸጥ ገበያው ይላላል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ገበሬው ጎተራ ውስጥ የቀረው ለገዛ ቤቱ የሚሆን ነው፤ መንገዱ ይጨቀያል፤ የሚሸጠው እህል ነጋዴ እጅ ገብቷል። ይህን የማያውቅ አገር ውስጥ ያደገ ሰው የለም። ሆኖም በየክረምቱ ስልኬ ይጮኻል፦ «ጤፍ አለቀብን፣ የት ይሻላል?» ነሐሴ ላይ የሚሻል ቦታ የለም። የሚሻለው ጥር ነበር።

ገበያው ሁልጊዜ በወጉ አይሄድም። በ2015 ዓ.ም. የካቲትና መጋቢት ላይ ጤፍ ከመኸሩ ማግስት ተሰቅሎ ሰዉን ሁሉ አስደንግጧል። መንገድ ሲዘጋና ኬላ ሲበዛ ወራቱ አያድንም። ቢሆንም አንድ ክፉ ዓመት አየሁ ብሎ በመኸር መግዛትን የሚተው ሰው፣ ቀሪዎቹን ዓመታት በሙሉ በውድ ይገዛል።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለሚለው፦ ጤፍና ዘይት በየቀኑ በትንሽ በትንሹ የሚገዙትን ሰዎች አልወቅስም። እጃቸው ላይ ያለው ያው ነው፤ ከሁላችንም በላይ በውድ የሚገዙትም እነሱ መሆናቸው ያሳዝነኛል። ለእነሱ የምለው ይህ ነው፦ አምስት ስድስት ቤት ሆናችሁ ከሰኔ ጀምሮ እንደ እቁብ ጣሉ፤ ዕጣው ግን በየወሩ አይውጣ። ጥር ላይ በአንዴ ይከፈትና ጤፍ ይገዛበት። አምስት ኩንታል የሚገዛ ሰው እህል በረንዳ ሲቆም ነጋዴው የሚያናግረው በሌላ ቋንቋ ነው፤ የመኪናውም ኪራይ ለአምስት ይካፈላል። አንድ ኩንታል የሚበዛበት ደግሞ ከጎረቤት ጋር ለሁለት ይክፈለው።

ማዳበሪያውን ከላይ ብቻ ማየት

ባለፈው ክረምት አንዲት የጎረቤት ልጅ ከአይሱዙ ላይ የሚሸጥ ጤፍ ከእህል ቤቱ ይረክሳል ተብላ ኩንታሉን ገዛች። ስትጠራኝ ማዳበሪያው ቤቷ ውስጥ ተከፍቷል። እጄን እስከ ክርኔ ከተትኩት። ከላይ ነጭ ነው፤ መሃሉ ላይ ሰርገኛ ተቀላቅሎበታል፤ ሥሩ ይቀዘቅዛል፣ መዳፍ ላይም ይጣበቃል። ቆንጥሬ አፌ ውስጥ ሳደርገው አሸዋው ጥርሴ ላይ ተንኳኳ።

«እትዬ፣ ከላይ እኮ ማኛ ነበር» አለችኝ።

«ልጄ፣ ከላይማ ሁሉም ማኛ ነው።»

አይሱዙው ከሄደ ቆይቷል፤ ነገ ተመልሶ ይምጣ አይምጣ የሚያውቅ የለም። እህል ቤት ብትገዛ ኖሮ ቢያንስ ተመልሳ የምትጮህበት በር ነበራት።

ጤፍ ስትገዙ ከመሃልና ከሥር አውጡ። ነጋዴው ማዳበሪያውን ለመገልበጥ ካንገራገረ ሌላ ዘንድ ሂዱ። መዳፋችሁ ላይ አድርጉና እፍ በሉት፤ ገለባው ይታያችኋል። ጨብጣችሁ ልቀቁት፤ የደረቀ ጤፍ በጣቶቻችሁ መሃል ወርዶ ያልቃል፣ እርጥብ ጤፍ ግን መዳፋችሁ ላይ ይቀራል። እርጥብ ጤፍ ማለት ውሃን በጤፍ ዋጋ መግዛት ነው፤ ከዚያ ላይ ቤት ሲቀመጥ ይሞቅና ይሻግታል። ጥቂቱን አኝኩት፤ አሸዋ ከዓይን ይደበቃል፣ ከጥርስ ግን አያመልጥም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሁለት ጤፎችን በኩንታል ዋጋ ብቻ አታወዳድሩ። ጥሩ ጤፍ ውሃ ያነሳል፤ ከአንድ ልክ ዱቄት የሚወጣው እንጀራ ይበዛል። ብዙ ልትገዙ ካሰባችሁ ቀድማችሁ 5 ኪሎ ውሰዱ፣ አስፈጩ፣ ጋግሩ፣ እንጀራውን ቁጠሩ። ርካሹ ኩንታል በእንጀራ ሲታሰብ ውዱ ሆኖ ሲገኝ አይቻለሁ። ለየዕለቱ ደግሞ ማኛ ካልሆነ ማለት የሰው ዓይን ፍርሃት ነው። ሰርገኛ ይረክሳል፣ ይጣፍጣል፣ ልጆችንም ያጠግባል። ማኛውን ለእንግዳ አቆዩት።

ወፍጮ ቤት ትቶ መሄድ

አትሂዱ። ከመፈጨቱ በፊትም በኋላም ይመዘን። ከእናንተ በፊት የተፈጨው በቆሎ ከሆነ መጀመሪያ የሚወርደው ዱቄት የእናንተ አይደለምና ዓይታችሁ ተቀበሉ።

እንጀራን ማሻገት

ሰው የጤፍ ዋጋ ናረ ብሎ ያለቅሳል፤ በሳምንቱ የሻገተ እንጀራ በፌስታል አስሮ ይጥላል። ይህን ሳይ ሆዴ ይባባል። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ አንድ ነው፦ ከምጣድ የወጣው ሳይቀዘቅዝ ይደራረባል፣ ላዩ ላይ ላስቲክ ይለበሳል፣ ላቡ መውጫ ያጣል። አንዱ እንጀራ ሰፌድ ላይ በደንብ ይቀዝቅዝ፤ ከዚያ ይደረብ። ለሳምንት መጋገር ጉልበትና መብራት ይቆጥባል የሚሉ አሉ፤ ፍሪጅ ለሌለው ቤት፣ በተለይ በክረምት፣ ለሦስት ቀን የሚበቃውን መጋገር ይሻላል። ሊያልቅ ያልቻለውን ሳይሻግት ቆራርሳችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት፤ ድርቆሹ ለፍርፍር ይሆናል። ከሻገተ በኋላ ማድረቅ አይሠራም፤ የሻጋታውን ቦታ ቆርጦ ቀሪውን መብላትም ደህና አይደለም።

የተፈጨ በርበሬ ከማያውቁት ሰው መግዛት

በተፈጨ በርበሬ ላይ ቀይ አፈርና የሸክላ ዱቄት እየቀላቀሉ የሚሸጡ ሰዎች ተይዘው ሲቀርቡ በተደጋጋሚ በዜና ሰምተናል። አሁንም ግን ብዙዎች መንገድ ላይ ቀለሙ ያማረውን በኪሎ ይገዛሉ። ዛላውን ግዙ። የበርበሬ ጊዜው ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ነው፤ ማረቆም ሆነ አላባ በዚያ ወቅት በብዛት ይገባል።

ዛላ ሲገዛም ዓይን ብቻ አይበቃም። ነጋዴ ዛላው እንዳይሰባበር ውሃ ይረጨዋል፤ ሚዛኑም በዚያው ከፍ ይላል። አንዱን አንሱና ጆሯችሁ አጠገብ ነቅንቁት፤ የደረቀው ውስጡ ፍሬው ይንኳኳል። ከዚያ ሰንጥቁት። ፍሬው ቢጫ፣ ውስጡ ንጹሕ መሆን አለበት። ጥቁር ወይም አመድ የመሰለ ነገር ካለበት ሻጋታ ነው፤ ምንም ያህል ቢረክስ አይገዛም፤ ተቆልቶም ተፈጭቶም ጉዳቱ አይለቅም። ቀንጥሳችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ከነቅመሙ ስታስፈጩ ድካሙ እንዳለ አውቃለሁ። ሦስት ጎረቤታሞች አንድ ቅዳሜ ቢቀነጥሱት ግን የሦስት ቤት የዓመት በርበሬ ነው።

ውጭ አገር ያለች እህታችሁ ክረምት ላይ ለእረፍት መጥታ በርበሬና ሽሮ ይዛ የምትመለስ ከሆነ፣ ገንዘቡን ኅዳር ላይ እንድትልክ ንገሯት። ሐምሌ ላይ በጥድፊያ የተገዛ በርበሬ ውድም ነው፣ ከወቅቱ የተረፈም ነው።

ዘይትን በጠርሙሱ አፍ መለካት

አገር ውስጥ የምንጠቀመው ዘይት አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነውና ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ያለ ልክ የሚፈስ ዘይት ትልቅ ወጪ ሆኗል። ብዙ ሰው 5 ሊትሩን ከ3 ሊትሩ ጋር ያወዳድራል፣ የት ሱቅ እንደሚረክስ ይጠይቃል፤ ቤት ገብቶ ግን ከጀሪካኑ በቀጥታ ድስት ውስጥ ይገለብጣል። እናቶቻችን ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ ውሃ ጠብ እያደረጉ፣ እስኪበስል ያቁላሉት ነበር፤ ዘይቱ በኋላ ይገባል። በዚህ መንገድ የተሠራ ወጥ የሚፈልገው ዘይት በጣም ያነሰ ነው፤ ጣዕሙም ይበልጣል። ዘይት የሚያበዛው ሽንኩርቱ እንዳያር የፈራ ሰው ነው፤ ለእሱ መድኃኒቱ እሳት መቀነስ ነው።

ሽንኩርትን በክረምት በማዳበሪያ ማከማቸት

ዝናብ የመታው ሽንኩርት አይቆይም። ብዙ ገዝቶ ማስቀመጥ የሚያዋጣው አንገቱ ደርቆ የታሰረ፣ ልጣጩ የሚንኮሻኮሽ ሽንኩርት በደረቅ ወቅት ሲገኝ ነው። ያኔም መሬት ላይ ዘርግቶ እንጂ በላስቲክ አስሮ አይደለም፤ ከድንችም ራቅ ይበል። በክረምት የሳምንቱን ብቻ ግዙ።

ቅቤን በዋዜማ መግዛት

ለፋሲካ ቅቤ ገበያ የሚወጣው ሰው ሁሉ በሰሙነ ሕማማት ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በመካከሉ የሚፈልገው ሰው ሲያንስ ገዝታችሁ በኮረሪማ፣ በኮሰረትና በበሶብላ አንጥራችሁ ብታስቀምጡት ለበዓሉ ደህና ሆኖ ይጠብቃችኋል። ስትገዙ ቁራጩን ማንኪያ ላይ በክብሪት አቅልጡት። ንጹሕ ቅቤ ጠርቶ ይቀልጣል፣ ሽታውም ራሱን ይናገራል፤ የተቀላቀለበት ሥሩ ላይ ሊጥ የመሰለ ነገር ይተዋል። ምስርና ሽምብራ ደግሞ በተቃራኒው ከጾሙ በፊት ይገዛሉ። ረመዳን ለሚጾሙትም ለሳምቡሳ የሚሆነው ምስር እንዲሁ ነው፤ ጨረቃዋ ከታየች በኋላ ርካሽ ምስር አትፈልጉ።

«ሸማች ነው» ብሎ አለማየት

ሸማቾች ማኅበርና እሁድ ገበያ ብዙ ጊዜ ይቀንሳሉ፤ ሰልፉም ዋጋ አለው። ግን እዚያም እህሉ ከዚያው አገር የመጣ እህል ነው። እጃችሁን ክተቱ።

ሚዛንን ማመን

500 ግራም የታሸገ ፓስታ ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር። ሚዛኑ ላይ አስቀምጡትና እዩት፤ ሻጩ ካኮረፈ መልሱን አግኝታችኋል።

ለጎደለው ሁሉ ሠራተኛዋን መወንጀል

ይህንን ብዙ ቤት አያለሁ፤ አይቼም ዝም ማለት አልችልም። ዘይቱ ይቆለፍባታል፣ ስኳሩ ይመዘንባታል፣ ልጅቷ በየቀኑ ትጠረጠራለች። ዘይቱ ያለቀው ግን ለአንድ ወጥ ስንት ጭልፋ እንደሚገባ ማንም ስላልነገራት ነው። አብራችኋት ቁማችሁ አንዴ ሥሩ፤ ልኩን ተስማሙ፤ ከዚያ ቁልፍ አያስፈልግም። እህልና በርበሬ ለመግዛት ስትወጡ ደግሞ ይዛችኋት ሂዱ። ብዙዎቹ አውድማ ላይ ያደጉ የገበሬ ልጆች ናቸው፤ የትኛው ጤፍ እርጥብ እንደሆነ፣ የትኛው ዛላ እንደሻገተ ከእናንተም ከእኔም ቀድመው ያውቁታል። የጠየቃቸው ሰው ስለሌለ ነው ዝም ያሉት።