ክኒን የሚወስድ ልጅን ፊደል ማስቆጠር

የምንኖረው ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ ግርጌ ነው። ልጄ 9 ዓመቱ ነው፤ ኤዲኤችዲም (ትኩረት የመሰብሰብና ረግቶ የመቀመጥ ችግር) ዲስሌክሲያም (ፊደልና ቃል የማንበብ ችግር) አለበት። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው ይመጣሉ። ሐኪሙ ለኤዲኤችዲው ሜቲልፌኒዴት የሚባል ክኒን ሲያዝለት «ተገላገልን» አልኩ። እውነትም በሳምንቱ 20 ደቂቃ ሙሉ ከወንበሩ ሳይነሳ ተቀመጠ። «ሰላም»ን ግን አሁንም «ሰማይ» ብሎ አነበባት። የመጀመሪያዋን ፊደል ያይና ቀሪውን ይገምታል። መድኃኒቱ ሐሳቡን ይሰበስብለታል እንጂ ፊደልን ከድምፅ ጋር አያገናኝለትም። ያ የኛ ሥራ ነው።

መጀመሪያ ሰዓቱን እወቁ። የኛ አጭር የሚቆየው ዓይነት ነው። ግማሽ ሰዓት ገደማ ቆይቶ ይጀምርና ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይሠራል። ጠዋት 1:30 ላይ ከዋጠው፣ 6 ሰዓት ሲሆን አልቋል። እኔ ደግሞ ለወራት ማታ ማታ ደብተር ይዤ ስታገለው ነበር። እሱ ያለቅሳል፣ እኔ እቆጣለሁ። አሁን ሐኪሙ በየቀኑ ስላዘዘለት ዋናውን ንባብ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት አደረግነው። ሲጨርስ ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ወርደን ጦጣዎቹን እናያለን። በትምህርት ቀን 10 ደቂቃ የፊደል ጨዋታ ይበቃዋል።

ቁርስ ከክኒኑ ይቅደም። የምግብ ፍላጎት ስለሚዘጋ ምሳ ዕቃው ሳይነካ የሚመለስበት ቀን አለ። እንቁላልና ቅንጬ አብልቼው ነው የምሰጠው። ክብደቱን፣ ቁመቱን፣ የልብ ምቱንና የደም ግፊቱን በየጊዜው አስለኩ። በቤተሰብ የልብ ሕመም ካለ መድኃኒቱ ሳይጀመር ለሐኪሙ ተናገሩ። ከጀመረ በኋላ እንቅልፍ እምቢ ካለውም ንገሩት። መጠኑን በራሳችሁ አትጨምሩ፣ አትቀንሱ።

ወደ ፊደሉ እንምጣ። ሀ ሁ ሂን በዜማ መውረዱ እንዳያታልላችሁ። የኔ ልጅ ገበታውን ሙሉ በቃሉ ይለዋል። «ሌ»ን ለብቻዋ ሳሳየው ግን ከ«ለ» ጀምሮ ካልቆጠረ አያውቃትም። ስለዚህ ፊደሎቹን በካርቶን ጽፋችሁ ቁረጡና አደባልቋቸው። በአንድ ጊዜ አንድ ቤት ብቻ ያዙ፣ ለምሳሌ ከ«ለ» እስከ «ሎ»። የእያንዳንዷን ምልክት በጣታችሁ አሳዩት፦ ሉ ወገቧ ላይ ጭረት አላት፣ ሊ እግሯ ስር፣ ሌ ደግሞ እግሯ ላይ ቀለበት። ትሪ ላይ ዱቄት በትኑለትና ድምፁን እያወጣ በጣቱ ይጻፋት። ቃል ሲያነብ ቀሪውን በወረቀት ሸፍናችሁ አንድ በአንድ ግለጡለት። ሰ። ላ። ም። እንዲህ ሲሆን መገመቻ ያጣል።

መምህሩንም አናግሩ። አንድ መምህር ልጄን «ሰነፍ» ብለው ክፍል ፊት አቁመው ሲያስነብቡት፣ ሳምንት ሙሉ ትምህርት ቤት አልሄድም አለ። ጮክ ብሎ የሚያነበው ካለ ምንባቡ ከዋዜማው ይሰጠው። ለፈተናም ተጨማሪ ሰዓት ጠይቁለት።

ማታ መድኃኒቱ ሲያልቅ መጽሐፉን እናንተ ያዙት። ተረት አንብቡለት፣ እሱ ይስማ። የኔው ጋደም ብሎ እየሰማ «ቆይ፣ ጅቡ ሊያታልላት ነው!» ይለኛል፣ ገጹን ሳልገልጥ።