ቃሉን ከነተናጋሪው፦ የዕለት ተዕለት እንግሊዝኛን ከፊልም እንዴት መልቀም ይቻላል?

ደብረ ብርሃን ላይ አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ስለ ፎቶሲንተሲስ በእንግሊዝኛ ሁለት ገጽ ይጽፋል። ያው ልጅ ከውጭ የመጣ እንግዳ «ዩ ሃንግሪ?» ብሎ ቢጠይቀው ግን ግራ ተጋብቶ ይቆማል። ጥፋቱ የልጁ አይደለም። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም፣ በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ማንም አይርበውም፤ ማንም ሂሳብ እኔ ልክፈል ብሎ አይጣላም፤ ማንም «ኧረ ወዲያ!» አይልም። ይህ ሁሉ ያለው ፊልም ውስጥ ነው።

እኔም ከፊልም ነው የተማርኩት፤ ግን ለብዙ ዓመታት የተማርኩ እየመሰለኝ ሳልማር ቆይቻለሁ። በልጅነቴ ደብረ ሲና ላይ፣ ቪዲዮ ቤት ውስጥ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን ስንቀመጥ ዓይናችን የሚከተለው ቡጢውን ነበር። ስንት ፊልም እንዳየሁ አላስታውስም፤ ያተረፍኩት ግን «ካም ኦን» እና «ሌትስ ጎ» ብቻ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ፊልም አታብዙ የሚል ነው። ሦስት ደቂቃ የሚሆን አንድ ትዕይንት አሥር ጊዜ ያየ ሰው፣ አሥር ፊልም አንድ አንድ ጊዜ ካየው ይበልጣል።

ምን ዓይነት ፊልም?

የጦርነት፣ የጠፈርና የአስማት ፊልሞችን ለመዝናኛ አስቀምጧቸው። የምትፈልጉት ሰዎች ወጥ ቤት ውስጥ የሚነታረኩበትን፣ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚተማሙበትን፣ ጓደኛ ጓደኛውን ብድር የሚጠይቅበትን ነው። ተከታታይ አስቂኝ ድራማዎች ለዚህ ተወዳዳሪ የላቸውም። አንዱ ክፍል ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው፤ ተናጋሪዎቹም ያው ሰዎች ስለሆኑ ጆሮ ድምፃቸውን ይለምደዋል። ጀማሪ ከሆናችሁ የልጆችን አኒሜሽን አትናቁ፤ ንግግሩ ስቱዲዮ ውስጥ ስለሚቀዳ ጥርት ብሎ ይሰማል።

ከመጀመራችሁ በፊት ፊልሙ የየት አገርና የስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ እዩ። የመንደር ቋንቋ እንደ ልብስ ነው፤ ፋሽኑ ያልፍበታል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. «አሪፍ» ለማለት «ግሩቪ» ማለት ዘመናዊነት ነበር፤ ዛሬ እንዲህ የሚል ሰው ካለ ለቀልድ ነው። አንዳንዱ ደግሞ በቀልድ ተወልዶ ጸንቶ ይኖራል። «ኦኬ» በ1839 እ.ኤ.አ. በቦስተን ጋዜጣ ላይ ሆን ተብሎ በተበላሸ የፊደል አጻጻፍ የወጣ ፌዝ ነበር፤ ዛሬ እኛም ሳናስበው እንለዋለን። አገሩም ለውጥ ያመጣል። አሜሪካዊው «ፓንትስ» ሲል ሱሪ ማለቱ ነው፤ እንግሊዛዊው ሲል የውስጥ ሱሪ። ለንደን ውስጥ «ቺርስ» ጽዋ ለማንሳት ብቻ ሳይሆን ለማመስገንም ይባላል። ዶላር በአሜሪካኖች አፍ «ባክ»፣ ፓውንድ በእንግሊዞች አፍ «ኩዊድ» ነው። ለስድስት ወር ያህል ከአንዱ አገር ጋር ብትቆዩ ይሻላል።

ቤተሰብ በተሰበሰበበት የምታዩ ከሆነ የአሜሪካ ፊልሞችን የዕድሜ ምልክት ተመልከቱ። «ፒጂ» የሚለው ለስላሳ ነው። ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው «ፒጂ-13» ጠንከር ይላል። «አር» ከተባለ አባትና እናት ፊት ባይከፈት ጥሩ ነው።

ቃሉ በዛብን የምትሉ ካላችሁ አይዟችሁ። በጣም የሚዘወተሩት 3,000 ያህል የቃል ቤተሰቦች (አንድ ቃል ከነርቢዎቹ አንድ ቤተሰብ ነው) የፊልም ንግግርን 95 ከመቶ ገደማ ይሸፍናሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹን ትምህርት ቤት ታውቋቸዋላችሁ፤ በፊልም ፍጥነት ሲነገሩ አለመለየታችሁ ነው ችግሩ።

መሣሪያው

ኮምፒውተር ላይ ቪኤልሲ የተባለው ነፃ ማጫወቻ ይበቃል። የሺፍት ቁልፍን ይዛችሁ የግራውን ቀስት ስትጫኑ ሦስት ሰከንድ ወደ ኋላ ይመልሳችኋል፤ ይህን ጣታችሁ እስኪለምደው ድረስ ተለማመዱት፣ አብዛኛው ሥራ እርሱ ነውና። የማዕዘን ቅንፎቹ ቁልፎች ([ እና ]) ፍጥነቱን ይለውጣሉ፤ የግራው ያዘገያል፣ የቀኙ ያፈጥናል። ከሦስት አራተኛው ፍጥነት በታች አትውረዱ፤ ድምፁ ይጎተትና ያልነበረ ቋንቋ ይሆናል።

የግርጌ ጽሑፉ (ሰብታይትሉ) እንግሊዝኛ ይሁን። ዓይን ሰነፍ ነው፤ አማርኛ ካገኘ ጆሮን አያሠራውም። የግርጌ ጽሑፍ ፋይል ተራ ጽሑፍ ስለሆነ በኖትፓድ ይከፈታል። ወደ ስልካችሁ ገልብጣችሁ ብትይዙት መብራት በጠፋ ምሽት፣ ኔትወርክ በሌለበት መንገድ እንደ መጽሐፍ ታነቡታላችሁ።

በጆሮ መጀመር

ሥራው የሚጀምረው ጽሑፉን ደብቃችሁ ነው። ለናሙና እንዲሆን አንድ ትዕይንት ራሴ ላቀናብርላችሁ። ሁለት ጓደኛሞች መንገድ ላይ ይገናኛሉ።

«ዩ ሃንግሪ?»
«አይ ኩድ ኢት።»
«ሌትስ ግራብ ሰምቲንግ። ኢትስ ኦን ሚ።»
«ጌት አውት ኦፍ ሂር! ዩ ፔይድ ላስት ታይም።»

ሦስት ጊዜ ስሙና የሰማችሁትን በፊደላችን ጻፉ። አዎ፣ በአማርኛ ፊደል። የላቲኑ ፊደል ቃሉ እንዴት እንደሚጻፍ ያስታውሳችሁና ያልሰማችሁትን የሰማችሁ ያስመስላችኋል፤ የእኛ ፊደል ግን የሰማውን ነው የሚመዘግበው። በዚህ መንገድ ስትጽፉ የአራተኛው መስመር መጀመሪያ «ጌራራ ሂር» ሆኖ ታገኙታላችሁ። አልተሳሳታችሁም። አሜሪካኖች በሁለት አናባቢዎች መካከል የገባችውን «ት» ምላሳቸውን ላንቃቸው ላይ መታ አድርገው ያልፏታል፤ የሚወጣው ድምፅ የእኛ «ር» ነው ማለት ይቻላል። «ዋተር» የሚለውም «ዋረር» ይሆናል። ለዚህ ድምፅ አንዳንዱ ሲቸገር እኛ ስንወለድ ይዘነው መጥተናል።

ከዚሁ ጋር የሚዋጡትንና የሚጣበቁትን ልመዱ። «ጎይንግ ቱ» በአፍ ላይ «ጋና» ነው፤ «ጊቭ ሚ» ደግሞ «ጊሚ»፣ «ሌት ሚ» «ሌሚ»፣ «ዲድ ዩ» «ዲጁ» ይሆናሉ። መሄድ አለብኝ ለማለት የሚሉት «አይ ጋራ ጎ» ነው። ይህን ጣርማ በር አጠገብ ላደገ ሰው ማስተማር ቀላል አይደለም፤ «ጋራ» ሲሰማ ቀና ብሎ ያያል።

አሁን ጽሑፉን ክፈቱና ከጻፋችሁት ጋር አስተያዩ። በሁለቱ መካከል የምታገኙት ልዩነት የዚያ ቀን ትምህርታችሁ ነው። ሌላውን ታውቁታላችሁና እለፉት።

ደብተሩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቃሉን በግራ፣ ትርጉሙን በቀኝ ጽፎ ይዘጋል። «አይ ኩድ ኢት» ለሚለው መዝገበ ቃላት ያገላበጠ ሰው «መብላት እችል ነበር» ብሎ ይጽፋል። ተናጋሪው ግን ስለ ችሎታው አላወራም፤ «ካለማ አልጠላም» ማለቱ ነው። «ግራብ» መንጠቅ ነው፤ እዚህ ግን «ቀመስ እናድርግ» ነው። «ኢትስ ኦን ሚ» ቃል በቃል «እኔ ላይ ነው» ማለት ሲሆን፣ ሰውየው የሚለው «ሂሳቡ በእኔ» ነው። «ጌት አውት ኦፍ ሂር» ደግሞ ውጣልኝ አይደለም፤ «ኧረ ወዲያ!» ነው። ልብ በሉ፣ የእኛም «ወዲያ» ቃል በቃል ሰውን ማባረር ነው፤ ስንለው ግን ማንም አይነሳም። «አንጀቴን በላኝ» ስንልም እንግሊዛዊ ቢሰማ ሐኪም ይጠራል። በሰምና ወርቅ ያደገ ሰው በሌላው ቋንቋ ሰሙን ብቻ ይዞ መቅረት የለበትም።

ስለዚህ ለአንድ አባባል አንድ ሙሉ ገጽ ስጡ። ማን ነው ያለው? ለማን? ምን ሲሆን? በምን ፊት፣ እየሳቀ ወይስ እየተቆጣ? በመጨረሻም፣ እዚያ ቦታ ብትሆኑ እናንተ በአማርኛ ምን ትሉ ነበር? ይህኛውን ከመዝገበ ቃላት ሳይሆን ከእናታችሁ ወይም ከጎረቤታችሁ አፍ ነው የምትወስዱት። ከአንድ ትዕይንት ከአምስት አባባል በላይ አትያዙ።

ለማንና በምን ፊት የሚለውን የምደጋግመው ስላቃጠለኝ ነው። ወጣት ሳለሁ መንዝ ውስጥ፣ ጓሳ ላይ፣ ጭላዳ ሊያዩ የመጡ እንግዶችን አጅቤ ነበር። ከእነርሱ መካከል አንዲት እናት ነበሩ፤ ብርዱንም ዳገቱንም ከእኛ እኩል ሲወጡት አይቼ ዕድሜያቸውን ጠየቅሁ (ይህም ራሱ ነውር መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው)። 72 አሉኝ። እኔ ደግሞ በዚያ ሰሞን አንዲት የድራማ ልጅ ጓደኛዋ መታጨቷን ስትነግራት «ሻት አፕ!» ስትል ሰምቼ፣ ትርጉሙ «አትዪኝ!» እንደሆነ በደብተሬ ጽፌ ነበር። ጊዜው አሁን ነው ብዬ «ሻት አፕ!» አልኳቸው። ዝም አሉ። በእውነትም ዝም አሉ፤ መኪናው ጋ እስክንደርስ ድረስ። ቃሉ ትክክል ነበር፤ አነጋገሩም አልተበላሸም። ግን እኩያ ለእኩያ የሚለውን ቃል ነው ለእናቴ እኩያ ያልኩት።

የእንግሊዝኛ «ዩ» አንተንም፣ አንቺንም፣ እርስዎንም ጠቅልሎ ስለያዘ ቋንቋው አክብሮት የሌለው ይመስለናል። አክብሮቱ አለ፤ ያለው ሌላ ቦታ ነው። «ጊሚ ኮፊ» የሚል ሰው ለጓደኛው ነው፤ ለማያውቀው አስተናጋጅ «ኩድ አይ ጌት ኤ ኮፊ?» ይላል፤ ለአለቃው «ውድ ዩ ማይንድ» ብሎ ይጀምራል። አረፍተ ነገሩ እየረዘመ ሲሄድ ሰውየው ባርኔጣውን እያነሳ ነው ማለት ነው። ስለዚህ አንዱን ገጸ ባሕርይ ምረጡና ከጓደኛው ጋር ሲያወራና ከአለቃው ፊት ሲቆም ለየብቻ ተከታተሉት። ከዚያ በደብተራችሁ ላይ እያንዳንዱን አባባል ከሦስት አንዱ ምልክት አድርጉበት፦ ለሁሉም የሚባል፣ ለእኩያ የሚባል፣ ለጆሮ ብቻ። ስድብ ሁሉ፣ ሰውን በዘሩ ወይም በቀለሙ የሚጠራ ቃል ሁሉ ቦታው ሦስተኛው ነው። ማወቅ ያስፈልጋል፤ ማለት አያስፈልግም። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ካልለያችሁ፣ እስክትለዩ ድረስ ለጆሮ ብቻ ይሁን።

በአፍ ማስገባት

ትዕይንቱን እንደገና ክፈቱና ከተዋናዩ ጋር እኩል ተናገሩ፤ ከእርሱ በኋላ ሳይሆን ከእርሱ ጋር። መጀመሪያ ፍጥነቱን ትንሽ ቀንሱ፤ በሦስተኛው ቀን ወደ ራሱ መልሱት። ዜማውን ጭምር ኮርጁ፤ «ጌራራ ሂር» ያለ ዜማው በእውነት ማባረር ነው። ቤት ውስጥ የሚስቅባችሁ ካለ በረንዳ ላይ ውጡ። የራሳችሁን ድምፅ በስልክ ቀድታችሁ ስሙት፤ ደስ አይልም፣ ግን ከማንም መምህር በላይ ያርማል።

መርሳት የማይቀር ነው። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናቱ ራሱን እየፈተነ እንዳሳየው፣ ከተማርነው ብዙው የሚያመልጠን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው፤ ከዚያ በኋላ መርሳቱ ይዘገያል። ስለዚህ ደብተሩን በማግስቱ፣ በሦስተኛው ቀን፣ በሳምንቱና በወሩ ክፈቱ። ስትከፍቱ አማርኛውን ብቻ እያያችሁ እንግሊዝኛውን ለማውጣት ሞክሩ። በወሩ ሳትደናቀፉ ያወጣችሁትን ሰርዙት፤ የእናንተው ሆኗል።

የሚያነጋግር ፈረንጅ የለም አትበሉ። እኔና አንድ ጓደኛዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ላይ ሻይ እንጠጣለን፤ ሂሳብ ሲመጣ የምንጣላው በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። «ኢትስ ኦን ሚ» ይላል፤ «ኖ ዌይ» እላለሁ፤ እጁን ኪሱ ውስጥ ሲከት «ጌራራ ሂር!» እለዋለሁ። በዚህ ኅዳር ተሸነፍኩና «ኦኬ፣ ኦኬ፣ ታንክስ። አይ ጋራ ጎ» ብዬ ጋቢዬን እያስተካከልኩ ተነሳሁ። ብርጭቆ የምታነሳው ልጅ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየችና «በዚህ ውርጭ የቱ ጋራ ላይ ሊወጡ ነው?» አለችኝ።