ቴርሞስታት የወጣላቸው የቆዩ መኪናዎችና የቤንዚን ፍጆታቸው

አዲስ አበባ ውስጥ እስከ ዛሬ የሚሽከረከሩት ላዳና ኮሮላ ዲኤክስ ቤንዚን ሲያበዙ ባለቤቶቻቸው በቅድሚያ የሚያስነኩት ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር ነው። ሞተሩ ተገቢውን ሙቀት ሳይዝ የሚሠራ ከሆነ ግን፣ በተለይም «ሞተር እንዳይግል» ተብሎ ቴርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይዞር የሚዘጋው ቫልቭ) ከወጣ፣ የካርቡሬተር ማስተካከያ ብዙ አይፈይድም።

ቀዝቃዛ ሞተር ውስጥ የገባ ቤንዚን በሙሉ አይተንም፤ ከፊሉ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ፈሳሽ እንደሆነ ቀርቶ ዘይቱን ያጥባል። በሞተሩ ውሃ ሙቀት የሚከፈት አውቶማቲክ ቾክ (ወደ ካርቡሬተሩ የሚገባውን አየር የሚገድብ መዝጊያ) ባለው መኪና ደግሞ፣ ውሃው በደንብ ካልሞቀ ቾኩ በከፊል እንደተዘጋ ሊቆይና በድብልቁ ውስጥ ቤንዚኑን ሊያበዛው ይችላል። የከተማዋ ስስ አየርም ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለን ካርቡሬተር ቤንዚን ስለሚያስበዛ ጉዳቱ ይደራረባል፤ ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ተፈትቶ ጥላሸት የለበሰ ሆኖ ከተገኘ ከምልክቶቹ አንዱ ነው።

ለምርመራ፣ ዲኤክስ ከሆነ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ አስነሥተው ወደ ራዲያተሩ አናት የሚገባውን ጎማ ቱቦ፣ እጅዎን ከማራገቢያው አርቀው፣ ይዳስሱ። ቴርሞስታቱ ደኅና ከሆነ ቱቦው ለደቂቃዎች ቀዝቅዞ ይቆይና በድንገት ይግላል፤ ከመጀመሪያው ቀስ በቀስ የሚሞቅ ከሆነ ወይ ተከፍቶ ቀርቷል፣ ወይ ጭራሹኑ የለም። በላዳ ላይ ቴርሞስታቱ የተገጠመበት ቦታ ስለሚለይ የሚዳሰሰው የታችኛው ቱቦ ነው።

ተፈትቶ የወጣውን ቴርሞስታት የድስቱን ቂጥ ሳይነካ በሽቦ አንጠልጥለው ከቴርሞሜትር ጋር ውሃ ውስጥ ያሙቁት። በላዩ የታተመው ቁጥር፣ ለምሳሌ 82፣ መከፈት የሚጀምርበት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው ከዚያ ከ10 ዲግሪ በላይ ጨምሮ ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ በፈላ ውሃ ውስጥ እስከ መጨረሻው አልተከፈተም ብለው ደኅናውን ዕቃ እንዳይጥሉ፤ የሚያሳስበው በተባለው ዲግሪ አካባቢ መከፈት አለመጀመሩ ወይም ሲቀዘቅዝ አለመዘጋቱ ነው።

ዲኤክስ ላይ ሲገጠም ትልቁ ሞላ ያለበት ወገን ወደ ሞተሩ ይዞር፣ ትንሿ የአየር ማሳለፊያ ወደ ላይ ትሁን፣ ውሃ እንዳያፈስ በመጋጠሚያው የሚገባው ጓርኒሲዮንም አዲስ ይሁን።

ቴርሞስታቱ ተመልሶ ሞተሩ ከጋለ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው፤ የተደፈነ ራዲያተር፣ የላላ ቺንጊያ (የማራገቢያው ቀበቶ)፣ ወይም ግፊት የማይዝ የራዲያተር ክዳን ሊሆን ይችላል። ክዳኑን ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ ነገር ግን ውሃው በ92 ዲግሪ እንዳይፈላ የሚያደርገው እሱ የያዘው ግፊት ነው። ሞተሩ እንደጋለ ክዳኑን መክፈት ፊትን ያቃጥላል።

ካርቡሬተሩና ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) መስተካከል ያለባቸው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ሞተሩ በሚገባ ሞቆ ሳለ ነው። ለውጡን ለማወቅ ታንኩን አፉ ድረስ ሞልተው፣ በዘወትር መንገድዎ ነድተው፣ በዚያው ማደያ እንደገና ይሙሉና የተጨመረውን ሊትር ለተነዳው ኪሎ ሜትር ያካፍሉ።