የአዩርቬዳ ክኒን ከመዋጥሽ በፊት

እህቴ፣ እርጉዝ ከሆንሽ ወይም የምታጠቢ ከሆነ ይህቺን ልብ በይ። የህንዶች ባህላዊ ሕክምና በሆነው አዩርቬዳ ውስጥ ራሳ ሻስትራ የሚባል ዘርፍ አለ። እርሳስና ሜርኩሪን የመሳሰሉ ማዕድናት ሆን ተብሎ ከዕፅዋት ጋር ይቀመሙበታል። ስለዚህ ዕቃው ላይ «ተፈጥሯዊ» ተብሎ መጻፉ አያዘናጋሽ። በ2011 እና 2012 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ 6 ነፍሰ ጡሮች ደማቸው ውስጥ ከፍ ያለ እርሳስ ተገኝቷል። ሁሉም ከህንድ የመጣ የአዩርቬዳ መድኃኒት ይወስዱ ነበር። እርሳስ ደግሞ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ፣ በጡት ወተትም ወደ ሕፃኑ ያልፋል። በጣም የሚያሳስበኝም ይሄው ነው።

ጀምረሽ ከሆነ አትደናገጪ። አቁሚው፣ ማሸጊያውን ይዘሽ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ ደምሽ ለእርሳስ ይመርመር እንደሆነ ጠይቂ።

አብሹስ? አዩርቬዳም እንደ እኛ እናቶች ለአራስ ወተት ይጨምራል ይለዋል። ምግብ ውስጥ እንደተለመደው ብትበዪው አያሳስብም። በእርግዝና ጊዜ ግን በብዛት አትጠጪው፤ በክኒን መልክ የሚሸጠውንም ተዪው። የስኳር ወይም የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ደግሞ ስታጠቢም ቢሆን አስቀድመሽ ሐኪምሽን አማክሪ።