ቶሎ ቶሎ ለሚመጣ ሽንት የሦስት ቀን መዝገብ እንዴት ይያዛል?

ደሴ ላይ ሽንት ሲያመላልስ ተከሳሹ ሁልጊዜ ብርዱ ነው። ክሱ ፈጽሞ ከንቱ አይደለም፤ ሰውነት ሲቀዘቅዝ በቆዳ ዙሪያ ያሉ የደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ላብ ይቀንሳል፣ ኩላሊትም ብዙ ሽንት ያመርታል። ነገር ግን ኮምቦልቻ ወርደውም ካልተሻለዎት፣ ወይም ችግሩ አዲስ መድኃኒት ከጀመሩ ወዲህ የመጣ ከሆነ፣ ብርዱን ለጊዜው ይተዉትና ወረቀትና እስክሪብቶ ያዘጋጁ።

መጀመሪያ የሽንት መለኪያ ያስፈልጋል። ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ አንገቱን ቆርጠው ይጣሉ። ከመድኃኒት ቤት ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ገዝተው አምስት ጊዜ ውሃ ሲጨምሩበት 100 ሚሊ ሊትር ይሞላል፤ እዚያ ላይ በማይለቅ ቀለም ያስምሩ። እንዲሁ እያሉ እስከ 600 ይቀጥሉ። በዓይን መገመት አይበጅም፤ የቸኮለ ሰው ትንሹም ብዙ ይመስለዋል።

ወረቀቱ ላይ ሰዓቱን፣ የጠጡትን፣ የሸኑትን መጠን፣ ምን ያህል እንዳጣደፈዎትና ያመለጠዎት ካለ ይጻፉ። «8 ሰዓት» ብቻ ብለው አይለፉ፤ የቀኑና የሌሊቱ 8 ሰዓት ለሐኪም የተለያየ ነገር ይናገራሉ። ሦስቱ ቀናት የግድ ተከታታይ መሆን የለባቸውም፤ አንዱ የሥራ፣ አንዱ የዕረፍት ቀን ቢሆን ጥሩ ነው። ለመዝገቡ ብለው አጠጣጥዎን አይቀይሩ። አቦሉም፣ ቶናውም፣ በረካውም ይቆጠር። ጫት ከቃሙም ይጻፉት፤ ጫት የፊኛውን አንገት ስለሚያጠብ የሽንቱን ፍሰት ያዘገያል። ሐኪሙ ዐቃቤ ሕግ አይደለም።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ክፍል፦ የሚወስዱት መድኃኒት ሁሉ ስሙ፣ መጠኑና የተጀመረበት ቀን። ምክንያቱን ለማየት ሴሮቶኒንን ማወቅ ይጠቅማል። ሴሮቶኒን በሰውነት ውስጥ መልእክት የሚያደርስ ንጥረ ነገር ነው፤ ስሙ የሚነሣው ከድብርት ጋር ቢሆንም አብዛኛው የሚገኘው አንጀት ውስጥ ነው። በ1948 እ.ኤ.አ. ከደም ተለይቶ ሲወጣም ተመራማሪዎቹ ይፈልጉ የነበረው የደም ሥርን የሚያኮማትር ንጥረ ነገር ነበር።

የፊኛ ግድግዳም እንደ ደም ሥር፣ ያለ ፈቃዳችን የሚሠራ ለስላሳ ጡንቻ ነው። ነርቮች አሴቲልኮሊን የተባለ ንጥረ ነገር ሲረጩበት ይኮማተራል። ሴሮቶኒን በነርቮቹ ጫፍ ላይ ካለው አራተኛ ዓይነት ተቀባዩ ጋር ሲያያዝ የሚረጨው አሴቲልኮሊን ይጨምራል፤ ጭመቱም ይበረታል። መጠኑ ከፍ ሲል ደግሞ በሁለተኛው ዓይነት ተቀባዩ አማካይነት ጡንቻውን ራሱን ያኮማትራል። ይህ ከፊኛ በተወሰዱ ቁራጮች ላይ በቤተ ሙከራ ታይቷል። አስገራሚው ግን ኅብለ ሰረሰር ውስጥ የሚሠራው ነው፤ እዚያ የሽንት መውጫን የሚዘጋውን ጡንቻ የሚያዙ ነርቮችን ያበረታል። አንዱ ንጥረ ነገር ፊኛውን ይጨምቃል፣ በሩንም ያጠብቃል ማለት ነው።

ስለዚህ ሴሮቶኒንን የሚያሳድጉ መድኃኒቶች በፊኛ ላይ አንድ ዓይነት ውጤት የላቸውም። ፍሉኦክሴቲን የተባለውን የድብርት መድኃኒት የሚወስዱ ብዙዎች ምንም ሳይሰማቸው አንዳንዶችን ሽንት ያጣድፋቸዋል። ሌላው የድብርት መድኃኒት ዱሎክሴቲን በአውሮፓ ሲያስሉ ሽንት ለሚያመልጣቸው ሴቶች ይታዘዛል። አሚትሪፕቲሊን የተባለው የድብርት መድኃኒት ደግሞ ሴሮቶኒንን ቢያሳድግም አሴቲልኮሊንን ስለሚያግድ ሽንት ለማስወጣት ያስቸግራል፤ በተለይ ፕሮስቴታቸው ያደገ ወንዶችን። የሕመም ማስታገሻው ትራማዶልም ሽንት ሊይዝ ይችላል። ከእነዚህ አንዱን ቢጠረጥሩ እንኳ በራስዎ አያቋርጡ፤ ድንገት ማቆም የራሱ መዘዝ አለው።

በመጨረሻ የየቀኑን 24 ሰዓት ይደምሩ። ከሦስት ሊትር በላይ ከሆነ ጉዳዩ ከፊኛው ይልቅ የሽንቱ ብዛት ነው፤ ስኳር መመርመር ይገባል። ድምሩ መጠነኛ ሆኖ በየጊዜው የሚወጣው 100 ሚሊ ሊትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ግን ፊኛው ሳይሞላ እየተቆጣ ወይም በደንብ ሳይራገፍ እየቀረ ሊሆን ይችላል፤ የሽንት ምርመራ ይቀድማል። ወረቀቱን ከመድኃኒቶቹ ማሸጊያ ጋር ይዘው ይሂዱ።

ሽንትዎ ደም ከቀላቀለ፣ ትኩሳት ከጎን ውጋት ጋር ከመጣ፣ ነፍሰ ጡር ሆነው ካቃጠለዎት ወይም ፊኛዎ ሞልቶ አልወጣ ካለ ሦስት ቀን አይጠብቁ፤ በዚያው ዕለት ሐኪም ቤት ይሂዱ።